የእማዬ ክርን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሑድ በስልክ ያሉኝን አልረሳሁም። ጎረቤታችን አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ያሠሩት፣ ማታ ጥርሳቸው ላይ የሚያጠልቁት ነገር ማንኮራፋታቸውን አስቀርቶላቸዋል፤ «ለእኔም ፈልጊልኝ» ብለውኛል። እፈልግልዎታለሁ። ግን አባዬ፣ እባክዎ አስቀድመን እንቅልፍዎን እናስለካ።

ለገና መጥቼ እርስዎ ክፍል መደቡ ላይ ያደርኩ ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ማንኮራፋትዎን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ድምፁ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ጋቢው ሥር ደረትና ሆድዎ ይታገላሉ፣ አየር ግን አይገባም። በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ አንዴ 22 ሰከንድ፣ አንዴ 31። ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው በኃይል ይተነፍሳሉ። ጠዋት አንዱንም አላስታወሱትም፤ «ራሴን ከበደኝ» ብለው ቡና ብቻ ጠየቁ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያዎን ተደግፈው ማንቀላፋትዎ፣ ግፊትዎም በሁለት ዓይነት ኪኒን አልወርድ ማለቱ ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

የማውቃት ሐኪም፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም (ስሊፕ አፕኒያ) እንዳለብዎ ለመገመት 8 ጥያቄ ጠየቀችኝ። ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሰው ያየው የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ወንድ መሆን፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር የወፈረ አንገት፤ ሰባቱ እርስዎን ይመለከታሉ። የቀረው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ብቻ ነው። ይህ ግን ሕመሙ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ ምን ያህል እንደከፋ አይናገርም። የማንኮራፋቱ ጩኸትም አይናገርም። የሚናገረው ትንፋሽ በአንድ ሰዓት ስንት ጊዜ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚያጥር ነው፤ ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ15 ጀምሮ መካከለኛ፣ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል።

ያ የጥርስ መሣሪያ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ ይይዛል፤ ምላስም አብሮ ስለሚሳብ ጉሮሮ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የሚበጀው ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ፣ አንገታቸው ላልወፈረ፣ በጀርባቸው ሲተኙ ለሚብስባቸው ነው። እዚህ ላይ እማዬን አሰብኳት። ሌሊት በክርኗ ጎሸም አድርጋ «በጎንዎ ይተኙ» ስትልዎ፣ ዞር ሲሉ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። ሐኪሟ ይህን ስነግራት ደስ አላት፤ ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ነው አለች። አንገትዎ 43 መሆኑን ስነግራት ግን ዝም አለች። ደግሞ መሣሪያው የሚይዘው ጥርስን ነው፤ የእርስዎ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶች ተነቅለዋል፣ ከፊት አንዱ ይነቃነቃል። የጎረቤታችን ጥርስ ሙሉ ነው።

በሰዓት የሚቆጠረው የትንፋሽ መቋረጥ ከፍ ካለ በአፍንጫ አየር የሚገፋው ጭምብል ይሻላል፤ የትንፋሹን መቆራረጥ ይበልጥ የሚቀንሰው እሱ ነው። እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሚቀር ጭምብል ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠለቅ የጥርስ መሣሪያ እንደሚሻልም አምናለሁ፤ ስለዚህ አልጫንዎትም። የጥርሱን ከመረጡም ጥቂት በጥቂት እየተስተካከለ፣ በመጨረሻ አጥልቀውት ተኝተው እንደገና መለካት አለበት። ማንኮራፋቱ ቀርቶ ትንፋሹ መቋረጡን ሊቀጥል ይችላልና።

እስከዚያው ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ ከሌሊት ልብስዎ ጀርባ ኪስ ሰፍታ የጨርቅ ኳስ ትከትበታለች። በጀርባዎ ሲንጋለሉ ይቆረቁርዎታል፣ ይዞራሉ። ማታ ማታ የምትቀመሰዋንም አረቄ ለእኔ ሲሉ ይተዉልኝ፤ ጉሮሮን ታላላለች።

እንቅልፍዎ የሚለካበት ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ማታ ነው። ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ኪኒኖችዎን ከነካርቶናቸው፣ ያለ እሱ እንቅልፍ የማይወስድዎትን ትራስዎንም ይዘው ይምጡ።

ልጅዎ