ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት፦ ለሰፈራችን የአልጋ ቁራኞች የድጋፍ ጥሪ

የቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈር እድራችን፣ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ውስጡ ያለውን በቃሌ እነግራችኋለሁ፦ ሁለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብረት ድስቶች፣ ጆግ፣ ጭልፋ፣ ሰሃን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሸራው የተቀደደ አሮጌ ቃሬዛ። እኩለ ሌሊት ላይ ጥሩምባ ቢነፋ ጎህ ሳይቀድ ድንኳኑ ቆሞ፣ ውሃው ተቀድቶ፣ ቡናው ተወቅጦ ይጠብቃል። በዚህ በኩል ደሴ አትታማም።

አባቴ ግን አምስት ዓመት ተኝቶ ነው የሞተው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው፤ አንደበቱም ተያዘ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ቅሬው ብርቱካን ይዞ ጠየቀን፣ «አብሽሩ» አለን፣ ዱአ አደረገልን። ሲሞት ድንኳኑ በሰዓቱ ደረሰ። ለወቀሳ አይደለም የምናገረው፤ እኔም ለሰው ሳደርግ የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ከሐኪም ቤት ሲወጣ በፌስታል መድኃኒት ተሰጠን፣ ቀጠሮም ተጻፈልን። እንዴት እንደምናገላብጠው የነገረን ግን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ልብሱን ስትቀይር ከወገቡ በታች፣ መቀመጫው አጥንት ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል የቀላች ቦታ አየች። ቅባት ቀባናት፤ ይበጃል ብለን አሸናትም። በሳምንቱ ተከፈተች፤ በወሩ ጣት የምታስገባ ሆነች። ሽታውን አልጽፈውም። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዕጣን ታጨስ ነበር።

የደረሰችልን ከእኛ በላይ ባለው ግቢ የምትከራይ ነርስ ናት። ለቡና ተጠርታ መጥታ፣ ዕጣኑ ያልሸፈነው ነገር ሸተታት መሰለኝ፣ «አባባን ልያቸው?» አለች። እጇን ታጥባ ገባች። መጀመሪያ የጠየቀችው የግድግዳ ሰዓት አላችሁ ወይ ብላ ነው። በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያልን እንድናገላብጠው ነገረችን፤ ቁስሉ እስኪድን በጀርባው እንዳይተኛ ከለከለች። ከባቱ ሥር ትራስ አግብታ ተረከዙን ከፍራሹ አነሳችው፤ በሥሩ ወረቀት ታሾልካለህ። የቀላ ቦታ እንደማይታሽም ያኔ ሰማን፤ ከላይ ክብደት ከታች አጥንት ጨቁኖት ደም የተቋረጠበት ሥጋ ነው፣ ማሸቱ ይብስ ይጎዳዋል።

ከዚያ ሲበላ አየችው። እኛ ጋደም አድርገን ውሃ በብርጭቆ እናጠጣዋለን፣ ሲያስለው «ትን አለው» ብለን ጀርባውን መታ መታ እናደርጋለን። ጉሮሮው ስለደከመ ውሃው ወደ ሳንባው እየገባ መሆኑን፣ የሳንባ ምችም በዚህ መንገድ እንደሚመጣ አስረዳችን። ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አስደረገችውና ወፈር ያለ አጥሚት በሻይ ማንኪያ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪውጥ እየጠበቀች ሰጠችው። ሲጨርስ ሽባ በሆነው ጉንጩ ውስጥ ተወሽቆ የቀረውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ አወጣችው። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቆያል። ቁስሉ ለመዳን ሰባት ወር ፈጀ። አንዲት ቀን ቀድማ ብትመጣ ኖሮ እያልኩ ስንቴ እንዳሰብኩ።

ባለፈው ክረምት ቅሬው ቤት ለቤት ዞሮ ቆጠረ። በአባሎቻችን ቤት ብቻ 14 ሰው አገኘን፦ ስትሮክ የጣላቸው፣ ፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ሰውነት የሚያደርቅ በሽታ) ያለባቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች፣ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት አንድ ወጣት።

ፓርኪንሰን ያለባቸው ጋሼ የበሽታውን መድኃኒት ሌቮዶፓን በአዛን ነበር የሚውጡት፦ ሱብሒ፣ ዙህር፣ መግሪብ (ንጋት፣ ቀትር፣ ጀንበር ስትጠልቅ)። መድኃኒቱ ግን የሚያገለግለው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ረፋድ ላይ ደርቀው ይቀራሉ፤ ቤተሰቡም «ባሰባቸው» ይላል። ነርሷ ለአንድ ሳምንት የሚደርቁበትንና የሚፈቱበትን ሰዓት በደብተር አስመዘገበች፤ ሐኪማቸው ደብተሩን አይቶ ያንኑ መጠን ከፋፍሎ አቀራረበው። ሥጋና ወተት ከክኒኑ ጋር ሲገጣጠም ሥራውን እንደሚያደናቅፍም ነገራቸው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ሲኒያቸው በግማሽ ነው የሚቀዳው።

የሚጥል በሽታ ነገርማ ሆድ ያቃጥላል። ከልጆቹ አንዷ ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ ተቃጥሏል። በወደቀች ቁጥር ክብሪት ጭረን እናሸታታለን፣ ጥርሷን በማንኪያ እንፈለቅቃለን። ሁለቱም አይጠቅሙም፤ ማንኪያውማ ጥርስ ይሰብራል። በጎን ማስተኛት፣ ጭንቅላቷ ሥር ነጠላ ማጠፍ፣ ሰዓት ማየት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ፌኖባርቢታል በፈረንጆቹ ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጥ፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ የሚቀል መድኃኒት ነው። ችግሩ «ተሽሏታል» ተብሎ በድንገት ሲቋረጥ ነው፤ ያኔ በሽታው ከፊቱ ብሶ ይመለሳል። ጠበሉም ይቀጥል፣ ዱአውም ይቀጥል፤ ክኒኑ ብቻ አይቋረጥ።

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው። ነርሷ በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እንድትዞር ተስማምታለች፤ እስካሁን በነጻ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን ልንከፍላት ይገባል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ረዳት እናሠለጥናለን፤ ሴት ልታጥበው የሚያፍር አባት እንዳለ ሁሉ ወንድ የማታስነካ እናትም አለችና። ጓንት፣ ዳይፐር፣ የሽንት ከረጢት፣ ቫዝሊን፣ የቁስል ጨርቅ ያስፈልገናል። የባጃጅም አለ።

ተሽከርካሪ ወንበር ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥነው፤ አንዳንዶች ቅር ብሏቸዋል። በእኛ ሰፈር ዳገት ወንበር መግፋት ምን እንደሆነ የገፋ ያውቀዋል። ቀድሞ የሚያስፈልገው መሐሉ የተበሳ የመጸዳጃ ወንበር ነው፤ አናጢያችን በእንጨት ይሠራዋል። በነፋስ የሚሞላ ፍራሽም ሁለት ብቻ እንገዛለን፤ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል። ለቀሩት ጠንከር ያለ ስፖንጅና የሚያገላብጥ ሰው ይሻላል።

ይህ ገንዘብ ለምርመራና ለአዲስ አበባ ጉዞ አይውልም፤ ያን አንችለውም፣ ቀድመን ብንናገር ይሻላል።

በቅሬው ስብሰባ «ቅሬ የቀብር ነው፣ የሆስፒታል ሥራ ምን አገባው?» ያሉ ነበሩ። አንድ አባት ተነሥተው ያቺን የተቀደደች ቃሬዛ አስታወሱን። መኪና ባልነበረበት ዘመን ሕመምተኛ ተሸክመው ከገጠር እስከ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚያደርሱት የቅሬ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። እያንዳንዱ አባል በየወሩ 50 ብር ሊጨምር ተስማምቷል፤ የጎደለውን ነው ከእናንተ የምንጠይቀው።

አረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ እናንተ ከምትልኩት ላይ እየቀነሱ እዚህ የሚያስታምሙት እናቶቻችሁ ናቸው፤ የቻላችሁትን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ለቅሬው ገንዘብ ያዥ ላኩ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም አትስጡ፤ እኔም ብሆን። ገቢና ወጪው በየወሩ በስብሰባ ይነበባል። ገንዘብ የሌለው ሁለት ሰዓት ይስጠን፤ ለአምስት ዓመት ገበያ ወጥታ የማታውቅ ልጅ በዚያ ሁለት ሰዓት ሰኞ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች።

ወላጅ ካረፈ በኋላ ቤት የቀረ ምርኩዝ፣ ፍራሽ፣ ትራስ ካለም አምጡ። ዕቃ ቤቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ አግዳሚዎቹን አጠጋግተን አንዱን ግድግዳ ባዶ አድርገናል። ትራሱን ግን አጥባችሁ፣ በኬሻ ጠቅልላችሁ ይሁን፤ አይጥ አለብን።