«እጅሽ ይንቀጠቀጣል»
የምስጋና መልእክት

ትርኢታችን ካለቀ ሳምንት ሆነው። ያ ምሽት እንዴት እንዳለፈ ከመጋረጃው ጀርባ የነበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ መልሼ አልተርከውም። የመጣሁት ለማመስገን ነው። ግን ከየት ልጀምር? ሁሉም ባንዴ እየመጣብኝ ነው።

ከእታለም ልጀምር። የትወና ሥልጠናው ላይ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራት፤ በዕድሜም በልብም ታላቃችን ናት።

እታለም፣ የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ክብ ሠርተን ቆመን በየተራ ስማችንን ስንናገር የእኔን ስም አጠገቤ ያለው ሰው እንኳ አልሰማውም። በዕረፍት ሰዓት ማንም ሳያይ ጠጋ አልሽኝ። «ከጉሮሮሽ አትግፊው» ብለሽ እጄን ጎድንሽ ላይ አስቀመጥሽው። አየር ስትስቢ ጎድንሽ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ትከሻሽ ግን ንቅንቅ አይልም። ድምፅ ከየት እንደሚነሳ ያኔ በመዳፌ ገባኝ። ዛሬ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ከመናገሬ በፊት እንደዚያው እተነፍሳለሁ።

ቀጥሎ የድግግሞሹ ልምምድ መጣ። ሳንፎርድ ማይዝነር የተባለው አሜሪካዊ የትወና መምህር ያመጣው ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላው ላይ ያየውን ይናገራል፣ ያኛው ያንኑ ይደግምለታል፣ እንዲሁ ይመላለሳሉ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አልሽኝ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ኪሴ ውስጥ ስደብቀው የኖርኩትን እጅ በሰው ፊት አመንኩት። ከዚያ ስለ ራሴ ማሰቡን ትቼ አንቺን ማየት ጀመርኩ። ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አላየሁትም።

ለካ ትወና ማለት መታየት አይደለም፤ ማየትና መስማት ነው። ይህን ከአንቺ ነው የተማርኩት።

ያ ምሽት... ቃለ ተውኔቴ ከአእምሮዬ ብን ብሎ ሲጠፋ የራሱን ተራ ብቻ የሚጠብቅ ሰው አጋጥሞኝ ቢሆን አልቆልኝ ነበር። አንቺ ከወንበርሽ ተነሳሽ። ድርሰቱ ላይ የለም። እንደ ገጸ ባሕሪሽ፣ እንደ እናት፣ ሁለት እጄን ይዘሽ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አልሽኝ። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩሽ። ቃሌም ተመለሰ። ይህን ስጽፍም እንባዬ ይመጣል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እታለም።

አሰልጣኛችን፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅና የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቲያትርን ከመሠረቱት አንዱ እንደሆነ ሲነግሩን ማስታወሻ ይዤ ነበር። ያልረሳሁት ግን ያቺን የእሱን ጥያቄ ነው፦ «በዚህ ሰው ሁኔታ ውስጥ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?» እርስዎ ለገጸ ባሕሪዬ ጠይቂ አሉኝ፤ እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ታላቅ ወንድሜ ጠየቅኩ። ከተኳረፍን ከርመን ነበር። የእሱን ቀን ከጠዋት ጀምሬ፣ እርስዎ እንዳስተማሩን፣ ከየት መጣ፣ ምን ፈለገ፣ ማን ከለከለው እያልኩ አሰብኩት። በማግስቱ ደወልኩለት። ያን ምሽት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

መብራት፣ ድምፅ፣ አልባሳትና መድረክ ላይ የደከማችሁ ሁሉ፣ ከልምምዱ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ የነበራችሁ ጓደኞቼ፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ የመጣችሁ ታዳሚዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያልጠቀስኩ ይቅር በሉኝ። ረስቻችሁ አይደለም፤ ልቤ ሞልቶ ነው። በተለይ ጨለማ ውስጥ ቆመህ ውኃ ያቀበልከኝ፣ ፊትህን እንኳ በደንብ አላየሁትም፤ አንተ ራስህን ታውቃለህ።

እታለም፣ የሚቀጥለው ዙር ሥልጠና ሲጀመር አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። ክቡ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አይጠፋም። እሱን ለእኔ ተዪልኝ።