ብቻህን የማትሰማው አልበም

ይድረስ ለወንድሜ ለዳዊት፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ክርክር እንተወው። ሁለታችንም ጠፍተናል፣ ሂሳቡ ተዘግቷል።

የጻፍኩልህ ስለ አንድ ባንድ ልነግርህ ነው። አትሳቅ። እዚህ ከዳላስ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ብትነዳ ኦክላሆማ ሲቲ ትገባለህ። ፍሌሚንግ ሊፕስ የዚያ ልጆች ናቸው። ሙዚቃቸውን ኒዮ ሳይኬደሊክ ሮክ ይሉታል። የ1960ዎቹን የሂፒ ቅዠት በኋለኛው ዘመን መሣሪያ እንደገና መጫወት ነው በለው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ሰባትና ስምንት እየቀነስክ አንብብ።)

በ1983 ዌይን ኮይን፣ ወንድሙ ማርክና ባሲስቱ ማይክል አይቪንስ ጀመሩት። ዘፋኙ ማርክ ነበር። እሱ ብዙም ሳይቆይ ሲወጣ ማይኩ ለዌይን ቀረ። ድምፁ መረዋ ነው ብዬ አልዋሽህም፣ ይሰነጣጠቃል። ሰውየው ግን ለነገሩ ቆርጦ ተነስቷል። ከአስር ዓመት በላይ ሎንግ ጆን ሲልቨርስ በሚባል ቤት አሳ ሲጠብስ ኖሯል። ገና ወጣት ሳለ ዘራፊዎች ሽጉጥ ይዘው ገብተው መሬት አስተኝተውታል። አለቀልኝ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላም አሳ መጥበስ ነው እንግዲህ፣ እንጀራ አይደል!

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋርነር ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማቸው። አንድ የቀልድ ዘፈናቸውም በቴሌቪዥን ሞቅ አለ። እሱን እለፈው። በ1996 ጊታሪስታቸው ሮናልድ ጆንስ ጥሎ ሄደ። ሌላ ጊታሪስት መቅጠር ይችሉ ነበር፣ አልቀጠሩም። ዌይን ያደረገውን ስማ። የተለያየ ድምፅ በካሴት ቀዳ፣ ባለ መኪናዎችን ፓርኪንግ ውስጥ ሰበሰበ፣ ለየመኪናው አንድ አንድ ካሴት አደለ። ከዚያ ቆጥሮ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አጫውቱ! በሮቹ ተከፍተው ፓርኪንጉ በሙሉ ኦርኬስትራ ሆነ።

ዛይሪካ የተባለው አልበም የመጣው ከዚህ ነው፣ በ1997። አራት ሲዲ ነው። አራቱ በአራት ማጫወቻ በአንድ ጊዜ ካልተከፈቱ ዘፈኑ ጎደሎ ነው። አንዱ ላይ ከበሮ ይበዛል፣ ሌላው ላይ የዘፋኙን ድምፅ ታገኛለህ። ማጫወቻዎቹ ፍጥነታቸው እኩል ስላልሆነ እየቆዩ ይፈናቀላሉ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይሰማም። አንድ ታዋቂ የሙዚቃ መጽሔት ከአስር ዜሮ ሰጠው። ማን ቤት አራት ማጫወቻ አለና? እኔ ግን የወደድኩት ለዚህ ነው። ጎረቤት ካልጠራህ፣ ጓደኛ ካላስቸገርክ አልበሙን አትሰማውም።

በዚያው ሰሞን ሌላ አልበምም እየሠሩ ነበር። የዌይን አባት በካንሰር ሞቱ። ስቲቨን ድሮዝድ፣ ከበሮውንም ጊታሩንም ኪቦርዱንም ይጫወትላቸው የነበረው፣ እጁ ሊቆረጥ ለጥቂት ተረፈ። ሸረሪት ነከሰኝ አለ። ስለ ሸረሪቷ ዘፈን ሁሉ ተሠራ። በኋላ ሲወጣ ነገሩ የሄሮይን መርፌ ነበር። ይህ ሁሉ የገባበት ሶፍት ቡለቲን በ1999 ወጣ፣ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው። ከእሱ ጀምር።

በ2009 ደግሞ ከዘፈኖቻቸው አንዱ የኦክላሆማ ይፋዊ የሮክ ዘፈን እንዲሆን ሕዝብ መረጠው። ማይክል ለክብሩ ወደ ምክር ቤቱ ሲሄድ ማጭድና መዶሻ ያለበት ቀይ ቲሸርት ለብሶ ገባ! እኛ ያንን ምልክት በስንት ሰልፍ አይተን ጠግበነዋል፣ እነሱ ግን ተቆጡ። ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገው። አገረ ገዢው በራሱ ትዕዛዝ አጸደቀው።

ማይክልም በ2021 ወጣ። ከጀማሪዎቹ የቀረው ዌይን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ በኮሮና ጊዜ፣ ተመልካቹን ትልልቅ የፕላስቲክ ፊኛ ውስጥ እያስገቡ ኮንሰርት አሳዩ። በየፊኛው ውሃ፣ ፎጣ፣ ትንሽ ስፒከር፣ ማራገቢያ። ሽንት ለመጣበት ደግሞ የሚያነሳው ጽሑፍ። ከዚህ በላይ አሳቢ ባንድ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ትኬቱ ተቆርጧል። አራቱን ሲዲዎች ይዣለሁ። የሰፈሩን ልጆች ሰብስብልኝ። የሚሠራ ሲዲ ማጫወቻ ያለው ማን እንደሆነም ጠይቅ። የአጎትህ ያ ትልቁ ሶኒ አሁንም ካለ ግማሽ መንገድ ሄደናል። የቀረውን እኔ ከዚህ እገዛለሁ፣ ስንት እንደሚጎድል ብቻ ቶሎ ንገረኝ። መብራት ከጠፋ የእናንተ ሰፈር ጄኔሬተር ይኖራል?

ወንድምህ ኤልያስ