ባዶዎቹ ወንበሮች የማን ነበሩ? ለዩኒቨርሲቲያችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነትና ፕሮቶኮል ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባሁት ማመልከቻ «እየታየ ነው» ተብሏል። ማን እያየው እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ቢሮዎ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እባላለሁ። ስብሰባ ላይም ቢሆን ስልክ መነካካት አይቀርምና ምናልባት እዚህ ያነቡት ይሆናል።

ጉዳዩን ያውቁታል። ባለፈው ሴሚስተር ዓለም የሚያውቀው የፊልም ዳይሬክተር ግቢያችን መጥቶ ንግግር ስላደረገበት ምሽት ነው። ስሙን አላነሳም፤ ሰውዬው ምንም አላጠፋም።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የገባሁት ግን በተማሪነቴ አይደለም። ቢሮዎ ካሜራ የሚይዝለት ሰው ከፊልም ትምህርት ክፍል ስለጠየቀ ነው። በነፃ፣ ያው እንደተለመደው። ካሜራዬን ከኋላ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ሆኖ የማይታይ ነገር የለም። ከፊት ያሉት አራት ረድፍ ወንበሮች «ለክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ዝግጅቱ ሲጀመር አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። ሲያልቅም ባዶ ነበሩ።

በር ላይ ደግሞ ቀድመው የተመዘገቡ ተማሪዎች ኮዳቸውን በስልካቸው ይዘው ተሰልፈዋል። «አዳራሹ ሞልቷል» ተባሉ።

ከተመለሱት አንዷ የክፍሌ ልጅ ናት። የመመረቂያ ፊልሟን እየሠራች ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋን የሚጫወቱት ከዚህ በፊት ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ አዛውንት ናቸው። ሲያወሩ ቢውሉ የማይጠገቡ ሰው፣ ካሜራ ሲበራ ድርቅ ይላሉ። የመጣው ዳይሬክተር የታወቀው ደግሞ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን በማሠራት ነው። ስንት ጊዜ ይለማመዳል? ቃለ ተውኔቱን አስቀድሞ ይሰጣቸዋል ወይስ እዚያው ይነግራቸዋል? ካሜራውን ከሰው ምን ያህል ያርቀዋል? ይህን ሁሉ ጽፋ ይዛ ነበር የመጣችው። አስተናጋጁ ኮዷን እንኳ አላየላትም። «እህቴ፣ ቦታው ለእንግዶች ነው የተያዘው፣ አታስቸግሪን» ብሎ መለሳት። የትኞቹ እንግዶች? እኔ እስካሁን አላየኋቸውም።

ክቡር ሆይ፣ ደንቡን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በእርስዎ ፊርማ የወጣው ማስታወቂያ «ቅድሚያ ለተማሪዎች» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ዝግጅቱ ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ያልተያዙ የክብር እንግዳ ወንበሮች ሰልፍ ላይ ላሉት እንደሚለቀቁ ይናገራል። በጣም ጥሩ አንቀጽ ነው። ያረቀቀውን ሰው ባገኘው አመሰግነው ነበር። የጎደለው በዕለቱ ሰዓት የሚያይና ወረቀቱን ከወንበሩ ላይ የሚያነሳ ሰው ብቻ ነው።

የገባው ሰውስ ምን አገኘ? መክፈቻው ረዘመ። አንድ ኃላፊ የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ ከመሠረት ድንጋዩ ጀምረው ተረኩልን። ሌላው ስለ ኪነ ጥበብ ጥቅም ተናገሩ። በየመሃሉ ጭብጨባ። ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። እሱ ጥሩ ጥሩውን መናገር ሲጀምር መድረክ መሪው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ለጥያቄና መልስ የተረፈችው ጊዜ ትንሽ ነበረች፤ ማይኩም ከፊተኛው ረድፍ አልወጣም። የመጀመሪያው ሰው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብለው ጀመሩ። አስተያየታቸው መቼም አያልቅም መሰለን። ቀጣዩ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ፊልም መቼ እንደሚሠራልን ጠየቁት። ሰውዬው ፈገግ አለ። ምን ይበል?

መጨረሻ ላይ ግን እሱ ራሱ ጠየቀ። «ፊልም የምትሠሩ እጃችሁን እስቲ አሳዩኝ» አለ። የወጡት እጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ከካሜራ ጀርባ ማን ያየኛል? እጃቸውን ሊያወጡ የሚችሉት ልጆች በር ላይ ቀርተዋል። ሰውዬው የዚህ ግቢ ተማሪ ለፊልም ግድ የለውም ብሎ እንዳይሄድ እፈራለሁ።

የመድረኩን አቀማመጥ ሳይ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ገምቻለሁ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት፣ መሃል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ። በኒው ዮርኩ ኒው ስኩል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውን፣ «ኢንሳይድ ዘ አክተርስ ስቱዲዮ» የተባለውን፣ በቴሌቪዥን የምናውቀውን የተዋንያንና የዳይሬክተሮች ውይይት ይመስላል። መልካም ምርጫ ነው። ያ ፕሮግራም ግን በመሠረቱ የማስተርስ ተማሪዎች ክፍል ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት እነሱ ነበሩ፤ የመጨረሻው ክፍልም የእነሱ ጥያቄ ነበር። ወንበሩን ቀድተን ተማሪውን ረሳነው።

ታላላቆቹስ ግቢ ሲገቡ ምን አደረጉ? አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልሙ ከታየ በኋላ ንግግር አላነበበም። ከአንድ ሰዓት በላይ የታዳሚውን ጥያቄ እየተቀበለ መለሰ። ያ ምሽት ተቀርጾ ስለቀረ ዛሬም እናየዋለን። ሌላው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ኒኮላስ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሃርፐር ኮሌጅ ለማስተማር ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ሙሉ ፊልም ሠርቷል። የእኛው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ፊልማቸውን እየሠሩ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል። እነዚህ ሰዎች ተማሪ አላስቸገራቸውም። የሚያስቸግረው ለፕሮቶኮል ይመስለኛል።

«ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል» የሚል መልስ ከቢሮዎ ሰው ሰምቻለሁ። እስቲ ይህን ልንገራችሁ። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርተን ሌክቸር ለሚባለው የታወቀ ተከታታይ ንግግሩ ሦስት የፊልም ሰዎችን ጋበዘ፤ ፍሬድሪክ ዋይዝማንን፣ አኜስ ቫርዳንና ቪም ቬንደርስን። መግቢያው በነፃ፣ ለሕዝብም ክፍት ነበር። ቫርዳ ያን ጊዜ 89 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 አረፈች። ያኔ በር ላይ የተመለሰ ተማሪ ቢኖር ኖሮ «ሌላ ጊዜ» የሚባል ነገር አልነበረውም። ፊልሙን ቤት ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ሠሪውን «እዚህ ጋ ለምን ቆረጥከው?» ብሎ መጠየቅ ግን የሚቻለው ሰውዬው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደዚህ ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። በር ላይ ለተመለሱት «ሙሉ ቀረጻው ይለቀቅላችኋል» ተብሎ ነበር። እኔም ቀረጻውን በማግሥቱ አስረከብኩ። ከቢሮዎ ተደወለልኝ። «ባዶ ወንበር የሚታይበትን ቁረጠውና ጭብጨባው ላይ ሙዚቃ ጣል አድርግበት» ተባልኩ። እምቢ አልኩ። ሌላ ሰው ቆረጠው። በመጨረሻ የተለቀቀው አጭር ቪዲዮ ነው፤ ሪባን፣ የአበባ እቅፍ፣ የኃላፊዎች ንግግር፣ የስጦታ ርክክብ። ዳይሬክተሩ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን ሙዚቃው ሥር ነው። በዓለም የታወቀ የፊልም ሰው ጋብዘን ድምፁን አጠፋንበት! ስለ ትወና፣ ስለ ካሜራ፣ ገንዘብ ሲያልቅበት ስለቆመበት ቀረጻ የተናገረው ሁሉ ቢሮዎ ካቢኔት ውስጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል።

ቪዲዮው ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ የሞላ ይመስላል። ካሜራ የት ቢቆም ምን እንደሚደበቅ የሚያስተምሩን አንደኛ ዓመት ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህን ለእኛ ባታሳዩን ይሻል ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሙሉው ቀረጻ ሳይቆረጥ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። 15 ደቂቃ ሲቀረው የሚለው አንቀጽ በሚቀጥለው ዝግጅት በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ የሚያስፈጽመውም ሰው ስሙ ይታወቅ። ማይኩ መጀመሪያ ለተማሪ ይሰጥ፤ አስተያየት ያላቸው ትልልቅ ሰዎች እራት ላይ ይንገሩት፤ እራቱ ላይ እኛ አልተጋበዝንም። ለዚያች ልጅም በጽሑፍ ይቅርታ ይጠየቅ። ፊልሟን የምታስረክብበት ቀን ቀርቧል፤ አዛውንቱም ካሜራ ፊት አሁንም ድርቅ ይላሉ።

ለሚቀጥለው እንግዳ ካሜራ እንድይዝ ከቢሮዎ በድጋሚ መልእክት ደርሶኛል። ለማመልከቻዬ በጽሑፍ መልስ እስካገኝ ድረስ አልይዝም። የክፍሌ ልጆችም እንዲሁ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊልም ትምህርት ክፍል ተማሪ

ግልባጭ፦
ለፊልም ትምህርት ክፍል
ለተማሪዎች ኅብረት
ለመዝገብ ቤት (የመጀመሪያው ማመልከቻ ከጠፋ በሚል)