«በምንም ምክንያት» የምትለዋ ቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለሚጥል በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «መድኃኒታችሁን በምንም ምክንያት አታቋርጡ» ይላል። ምክሩን አልቃወምም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም አንዱ መንዘፍዘፍ ሳይበርድ ሌላው እየተከተለ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። የከነከነችኝ «በምንም ምክንያት» የምትለዋ ናት።

እህቴ ካርባማዜፒን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው አልን። ከዚያ ደረቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ዓይኗ ቀላ፣ አፏ ቆስሎ ውኃ መዋጥ እንኳ አቃታት። ክኒኑን ግን እያለቀሰችም ትውጠው ነበር፤ እንዳታቋርጥ ተነግሯታላ! ሰዓት ጠብቄ ብርጭቆውን የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ያዘዘላት ሐኪም ስለ እንቅልፍና ስለ ማዞር ነግሯታል፤ ስለ ቆዳ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቆዳዋ ውኃ ቋጥሮ መላጥ ሲጀምር ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድናት። «ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም» አሉን፤ መድኃኒት ሳይስማማ ሲቀር ቆዳን የሚልጥ፣ አፍንና ዓይንን የሚያቆስል ከባድ ሕመም ነው። ካርባማዜፒኑ በዚያው ሰዓት ቆመ፤ የሚጥለው ሕመም እንዳይነሳባትም ሌላ ዓይነት መድኃኒት ተተካላት። ተርፋለች። ዓይኗ ግን እስከ ዛሬ ስለሚደርቅ ጠብታው ከቦርሳዋ አይለይም።

በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ልጆች ላይ አይተው ከጻፉት ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ለእኛ ቤት እንግዳ ሆኖ መምጣቱ ያናድደኛል።

ሽፍታ ሁሉ ግን ይህ አይደለም፤ አብዛኛው ቀላል ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሌላም ጣጣ አላቸው፦ ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል፣ ፀጉር ያበዛል፤ ቫልፕሮይክ አሲድ ፀጉር ያሳሳል። እነዚህ ያስከፋሉ እንጂ አይገድሉም፤ በእነሱ ተማርሮ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ለሚያቆም ሰው የእናንተ ምክር በትክክል ይሠራል። አደገኛው ሽፍታ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ውስጥ ነው። ትኩሳት፣ የአፍ ወይም የዓይን ቁስል፣ የፊት ማበጥ፣ ሲነካ የሚያም ቆዳ አብሮት ይታያል። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ላሞትሪጂን በዚህ ይታወቃሉ። ከፊተኞቹ ሦስቱ አንዱ ያልተስማማው ሰው ሌላውም ላይስማማው ስለሚችል፣ የትም ሲታከም ይህንኑ መናገር አለበት።

የላሞትሪጂን ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀን በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቀስ እያለ የሚጨመረው ቆዳን ለመጠበቅ ነው፤ ቫልፕሮይክ አሲድ አብሮ ከተወሰደማ መነሻው በግማሽ ይቀንሳል። ለቀናት አቋርጦ የቆየ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ወደ ቀድሞው መጠን በአንድ ጊዜ መመለስ የለበትም።

በሚቀጥለው እትም ያችን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብታርሙልኝ ደስ ይለኛል፦ «መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በጀመራችሁ ሰሞን ሽፍታ ከወጣባችሁ ግን ቀጣዩን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሌሊት ከሆነም ድንገተኛ ክፍል።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታካሚ ወንድም