የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ግራፊክስ ካርድ ተገጥሞለት አልነሣ ያለው ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን በሳምንት አንድ ቀን ከክፍለ ጊዜ ውጭ ሲገናኝ ቆይቷል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አባላቱ የኮምፒውተርን የውስጥ አካላት ፈትቶ መልሶ መግጠምን ተለማምደዋል፤ ሥራው በዕቅዱ መሠረት ስለተከናወነ ብዙ የምጽፍበት የለኝም። የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ግን በዕቅዳችን ያልነበረ አንድ ብልሽት ነው። ክበቡ በዓመቱ ከሠራቸው ሁሉ የበለጠ ያስተማረን እርሱ በመሆኑ፣ ይህን ዘገባ ለእርሱ አውለዋለሁ።

አባላቱ ለሥዕልና ለቪዲዮ ሥራ እንዲረዳቸው በስጦታ የተገኘ አንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ (ምስል አዘጋጅቶ ወደ ሞኒተር የሚያወጣ ክፍል) ደህና ይሠራ በነበረ ኮምፒውተር ላይ ገጠሙ። ማብሪያውን ሲጫኑ ማራገቢያዎቹ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞሉ ቆሙ። ካርዱ ሲወጣ ማራገቢያዎቹ መዞር ቢጀምሩም ሞኒተሩ ጨለማ እንደሆነ ቀረ፤ ከማዘርቦርዱም (ሌሎቹ ክፍሎች ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የሚደጋገም የጢጥታ ድምፅ ይሰማ ነበር። ካርዱ ከወጣ በኋላም ኮምፒውተሩ አለመሥራቱ ተማሪዎቹን አስደነገጣቸው፤ ገሚሶቹም ካርዱ ማዘርቦርዱን አቃጥሎታል ብለው ደመደሙ።

በዚህ ጊዜ ሥራውን አስቁሜ በሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍሁ፦ «ኮምፒውተሩ የቆመው የቱ ጋ ደርሶ ነው?» «አልነሣም» የምንለው ቃል የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድነት ይሸፍናል። ማራገቢያው ነቅነቅ ብሎ ወዲያው የሚቆም ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኃይል ነው፤ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ወይም የሆነ ቦታ ሾርት ሲኖር ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋልና። ማራገቢያው እየዞረ ምስል የማያሳይ ኮምፒውተር ግን በአመዛኙ ኃይል አግኝቷል፤ መፈለግ ያለበት ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሲነሣ በሚያካሂደው የራስ ፍተሻ ወይም ምስሉ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። ያየናቸው ምልክቶችም የሁለት ልዩ ልዩ ብልሽቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን ውጤቱን በመዝገብ መጻፍ ጀመርን።

የጢጥታውን ትርጉም ከማዘርቦርዱ መመሪያ ስንፈልግ ወደ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) መራን። ካርዱ በኃይል ሲጫን ማዘርቦርዱ ጎበጥ ብሎ፣ አንደኛው ራም በአንድ ጫፉ ከማስገቢያው ከፍ ብሎ ነበር። ገመዱን ከሶኬት ነቅለን፣ በውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነን ከቆየን በኋላ፣ ራሙ ቀጭ እስኪል ድረስ ተገጠመ፤ ኮምፒውተሩም ያለ ካርዱ ተነሣ።

የኃይሉ ጉዳይ ግን ረዘም ያለ ንባብና ስሌት ጠየቀ። በፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈው 300 ዋት ነው፤ ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ክፍል) ግን በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ሲሆን፣ የዚህ መስመር አቅም በሠንጠረዡ 16 አምፔር ተብሎ ተመልክቷል። 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ይሆናል። ካርዱ እስከ 150፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ እስከ 65 ዋት ስለሚፈልጉ፣ ሌሎቹ ክፍሎች ሳይቆጠሩ ድምሩ 215 ደረሰ። ለዓመታት ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ካርዱ ገና ሲበራ የሚስበውን ድንገተኛ ኃይል እንኳ ላይችለው ይችላል። ካርዱ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ከ75 ዋት በላይ ስለማይሰጥ፣ ቀሪው የሚመጣው በባለ 8 ፒን ገመድ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ገመድ ስላጡ ማገናኛ ተጠቅመው ነበር፤ ማገናኛ ግን የመሰኪያውን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ኃይል አይጨምርም። ይህን ሠንጠረዥ ካርዱ ከመገጠሙ በፊት ማስነበብ የእኔ ኃላፊነት ነበር፤ ባለማድረጌም ሳምንታት ባክነዋል።

ከሌላ ኮምፒውተር የተወሰደ ባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ስንገጥም አንድ አደጋ ለጥቂት ታለፈ። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደውና ለካርዱ የሚሄደው ገመድ ሁለቱም ባለ 8 ፒን በመሆናቸው ላልተጠነቀቀ ሰው አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን የፕሮሰሰሩ መሰኪያ 4 እና 4 ሆኖ ሲከፈል የካርዱ 6 እና 2 ሆኖ ይከፈላል፤ 12 ቮልቱን የሚያመጡት ገመዶችም በሁለቱ ላይ የሚሰለፉት በተቃራኒ ጎን ነው። የአንዱን መሰኪያ አስገድዶ በሌላው ቦታ ማስገባት ሾርት ይፈጥራል፤ ካርዱንም ሊያበላሽ ይችላል። መሰኪያው አልገባም ሲላት እጇን ሰብስባ የጠየቀችን የዘጠነኛ ክፍል አባል ካርዱን አትርፋልናለች፤ በዚህ ገጽ ላመሰግናት እወዳለሁ።

ማራገቢያዎቹ አሁን ሳያቋርጡ ዞሩ፤ ሞኒተሩ ግን አሁንም ጨለማ ነበር። የሞኒተሩ ገመድ በማዘርቦርዱ መውጫ ላይ እንደተሰካ መቅረቱን ያስተዋለ ተማሪ ወደ ካርዱ መውጫ ሲያዛውረው ምስሉ ወዲያው መጣ።

ያው ካርድ በአንድ በጣም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲሞከር ግን እስካሁን ምስል አላሳየም። ባለ 3 ቮልቷን የማዘርቦርድ ባትሪ አውጥተን ባዮሱን ወደ መነሻው ብንመልስም ለውጥ አልተገኘም። ቀጣዩ ጥርጣሬያችን ባዮሱ ለካርዱ ዘመን አይደርስም የሚል ሲሆን፣ የሞከርነው ሁሉ በመዝገቡ ስለሰፈረ የሚመጣው ዓመት አባላት ሥራውን ከዚያው ይቀጥላሉ።