የሦስተኛው ቀን ቀጠሮ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጡት ጡት መጥባት ካቆሙ በኋላ ነው። «ምነው ዘገያችሁ?» ስንል የምንሰማው መልስ «ፀሐይ እያሞቅነው ነበር» የሚል ነው።

ቢጫ የሆነን ሕፃን ፀሐይ አሙቁት የሚለው ምክር መነሻ የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ፀሐይ ቢጫነትን እንደምትቀንስ ያስተዋለችው አንዲት ነርስ ናት፤ ፎቶቴራፒ የሚባለው የብርሃን ሕክምናም የመጣው ከዚያ ነው። ግን ፎቶቴራፒ የሚገባ ሕፃን ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ከዳይፐሩ በቀር ራቁቱን፣ ለጡት ብቻ እየወጣ ቀንና ሌሊት ሰማያዊው ብርሃን ሥር ይተኛል፤ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባለው ንጥረ ነገርም በደም ምርመራ ይለካል። ተጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ የሚሞቀው የጠዋት ፀሐይ ይህን አይተካም።

በጊዜያቸው ከሚወለዱት ከ100 ሕፃናት 60 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላሉ። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣውን ቢሊሩቢን ጉበታቸው ገና በደንብ ማስወገድ ስለማይችል ነው። ደህና የሚጠባ ሕፃን በሰገራው ያስወጣዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። ስኳር ውሃ አይጠቅመውም፤ የሚያስፈልገው ጡት ነው። ቢሊሩቢኑ ሲበዛ ግን አንጎል ውስጥ ይገባል፤ ጆሮን ያደነቁራል፣ ሰውነትን ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ የደረሰ፣ የፈዘዘ ወይም ጡት እምቢ ያለ ሕፃን ለነገ አይባልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። እናት በወለደች በማግስቱ ቤቷ ትገባለች፤ ቢጫነቱ የሚበረታው ግን ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው። ያኔ ሕፃኑ መጋረጃው በተዘጋ የአራስ ክፍል ተሸፋፍኖ ተኝቷል። እንደኛ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቢጫነት ቶሎ አይለይም፤ መስኮት ዘንድ ወስዶ የዓይኑን ነጭና ድዱን ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ልጅ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና እንዲታዩ ይመክራል። እኛ ዘንድ ግን ብዙዋ እናት የምትመለሰው ለ45 ቀን ክትባት ነው።

ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች እናቲቱን ሲሸኙ የሦስተኛውን ቀን ቀጠሮ በወረቀት ጽፈው ይስጧት። መምጣት ለማትችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ድረስ ትሂድላት። አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ እናቶችና አክስቶችም መጋረጃውን ገልጣችሁ የልጁን ዓይን እዩልን።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ
ከአዲስ አበባ